ሂካ፣ ነሲብ፣ ኦነሲሞስ፦ ሰው ያወጣልን ስምና እግዚአብሔር የሚጠራን ስም



በአገልግሎት ዘመኔ ደጋግመው ከመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ የስም ጉዳይ ነው። አንዱ ወጣት፣ «መጋቢ፣ አባቴ ያወጣልኝ ስም ኀዘን ያለበት ነው፤ ሕይወቴ የማይቀናው በእርሱ ምክንያት ይሆን?» ይላል። ከሌላ እምነት ቤት ወጥታ ጌታን የተቀበለች እኅት፣ «ከተጠመቅሁ በኋላ ስሜን መቀየር አለብኝ? አባቴ እንደሆነ ሃይማኖቴን መተዌን እንኳ ገና አልቻለውም» ትላለች። ሕፃን ታቅፈው ለማስባረክ የሚመጡ ወላጆች ደግሞ ለጆሮ አዲስ የሆነ ስም ይዘው ይመጡና ትርጉሙን ስጠይቃቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። በስሙ ምክንያት በእርግማን ሥር እንዳለ ያመነ ሰው የክርስቶስን ነጻነት ቀምሶ አይጠግብም። ስምሽን ካልቀየርሽ አልዳንሽም የተባለች እኅት ደግሞ ጌታ ያልጠየቃትን ዋጋ ትከፍላለች፤ ምናልባትም አባቷን ለወንጌል የምትደርስበትን ድልድይ በገዛ እጇ ታፈርሳለች። ስለዚህ ዛሬ የስሞቻችንን ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አብረን እናንብብ። ጅማ ላይ ሆኖ ይህን ማንበብ ደግሞ ይመቻል። በቦሳ ኪቶ የአንድ ሰንበት ትምህርት ክፍል የስም ዝርዝር ቢነበብ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ካፋው፣ ወላይታው፣ ከምባታው፣ ጉራጌው በየስሙ ሲመጣ ትሰማላችሁ። ዝርዝሩ ራሱ የታሪክ መጽሐፍ ነው።

ስማችን ዓረፍተ ነገር ነው

በብዙ አገር ስም የሚመረጠው ለጆሮ ስለሚያምር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ስም ንግግር ነው። ወላጅ ለእግዚአብሔር፣ ለጎረቤት፣ ለጠላት፣ አንዳንዴም ለሞት የሚናገረውን ነገር በልጁ ስም ያስቀምጠዋል። ወንድማገኘሁ ያለ ወንድም ያደገ ሰው ወይም የታላቅ ልጅ ደስታ ነው። እታፈራሁም እንደዚሁ እኅት ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። አንዳርጋቸው የተራራቁ ሰዎችን አንድ እንዲያደርግ የተላከ ልጅ ነው። ማን ያዘዋል ለጎረቤት የተነገረ ፉከራ ነው። ምንተስኖት ግን ወደ ላይ የተነገረ የእምነት ቃል ነው፤ ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል ማለት ነው።

በአፋን ኦሮሞም ነገሩ ያው ነው። ገመቹ ደስታ ነው፤ ቶሌራ መልካም ሆነ ማለት ነው፤ ዋቅጅራ እግዚአብሔር አለ የሚል ምስክርነት ነው። ደበላ ጨምር ማለት ነው። ይህን ስም የሰማ ሰው ዘፍጥረት 30፥24ን ያስታውሳል፤ ራሔል የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ እግዚአብሔር ሌላ ወንድ ልጅ እንዲጨምርላት እየተመኘች ዮሴፍ አለችው። ዮሴፍና ደበላ በሁለት ቋንቋ የተነገረ አንድ ጸሎት ናቸው። ፈይሳ ደግሞ የሚፈውስ፣ የሚያድን ማለት ነው። የኦሮምኛ ተናጋሪ አማኞች ጌታን መድኃኒታችን ብለው ሲጠሩ የሚጠቀሙበት ቃል ይኸው ነው።

ይህ ልማድ ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱስን ስናነብ እኛ ኢትዮጵያውያን እጃችን ላይ ቁልፍ ይዘን ነው የምናነበው። ሌላው አንባቢ የግርጌ ማብራሪያ አይቶ የሚረዳውን እኛ ከእናታችን ቤት አውቀነው መጥተናል።

የኀዘን ስሞች፦ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንምጣ። ካሳ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞች ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ የሚመጡ ናቸው። አንድ ልጅ ወይም ወዳጅ ያለፈበት ቤት ሌላ ልጅ ሲወለድ፣ ይህ የጠፋው ካሳ ነው፣ የሄደው ምትክ ነው፣ ኀዘኑን የሚያስረሳን ነው ይባላል።

በአገራችን ታሪክ ሁለት ነገሥታት ካሳ በሚል ስም ነው ያደጉት። የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የትግራዩ ካሳም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስሙ ከዙፋን አላገዳቸውም።

በመጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ የቀደመ ምትኩ አለ። ዘፍጥረት 4፥25 ላይ ሔዋን ቃየን በገደለው በአቤል ፋንታ እግዚአብሔር ሌላ ዘር እንደ ሰጣት ተናግራ ልጇን ሴት አለችው። ሴት በአማርኛ ቢወጣ ምትኩ ይባል ነበር። የጌታ የኢየሱስ የትውልድ ሐረግ በሉቃስ 3 ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚያልፈው በዚህ በምትኩ በኩል ነው። ዮሴፍም በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል ነው (ዘፍ. 41፥51)። ምናሴ ቃል በቃል ማስረሻ ነው! ማስረሻ የሚባል ወንድም ካላችሁ ስሙ ከእስራኤል ነገዶች አንዱ የተጠራበት ስም መሆኑን ንገሩት። ስሙ ሞትን አላመለከም፤ እግዚአብሔር ኀዘንተኛን እንደሚጎበኝ መሰከረ እንጂ።

ከዚህ ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ስሞችም አሉ። ኑርልኝ፣ ልየው፣ እንየው የሚባሉት ልጅ ሲሞትበት የኖረ ወላጅ፣ ይህ እንኳ ይቆይልኝ፣ ዓይኔ ይየው ብሎ የሚለምንባቸው ስሞች ናቸው። ክትባትና ጤና ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን አንዲት እናት ከወለደቻቸው ግማሹን መቅበሯ የተለመደ ነበር። በዚያ ዘመን ኑርልኝ ማለት እንባ የተቀላቀለበት ልመና ነው። ሞት አልፎት እንዲሄድ ተብሎ ለልጅ ዝቅ ያለ ስም የማውጣት ልማድም ነበር። ያኛው ሥር ፍርሃት አለበት፤ ወንጌል ከዚህ ፍርሃት ያወጣናል። ነገር ግን ፍርሃቱን ስንተው እናቶቻችንን አንናቅ።

ታዲያ ኀዘን ያለበት ስም ይቀየር ወይስ አይቀየር? መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ያሳየናል። ራሔል በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን ቤንኦኒ፣ የጭንቀቴ ልጅ አለችው፤ አባቱ ያዕቆብ ግን ብንያም፣ የቀኝ እጅ ልጅ ብሎ ጠራው (ዘፍ. 35፥18)። እዚህ ስሙ ተቀየረ። በ1ኛ ዜና 4፥9-10 ደግሞ እናቱ በጣር ስለ ወለደችው ያቤጽ የተባለ ሰው አለ። ይህ ሰው እግዚአብሔርን ስሜን ቀይርልኝ ብሎ አልጠየቀም፤ ባርከኝ፣ ዳርቻዬን አስፋ፣ ከክፉ ጠብቀኝ ብሎ ጠየቀ። እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው። ስሙ ግን ያቤጽ እንደሆነ ቀረ! ከወንድሞቹ ይልቅ የተከበረውም በዚያው ስሙ ነው። ስሙ ዕጣ ፈንታውን ቢወስን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ወሳኙ የጸለየበት ጌታ ነው።

በፈረስ የተጠሩ ነገሥታት

የጅማ ሰው ስለ ስም ሲያወራ ከአባ ጅፋር አያልፍም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ስታዲየሙም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ቡናውም ባለበት ከተማ የእኚህ ንጉሥ ስም አልደበዘዘም። ነገር ግን አባ ጅፋር እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የልጅነት ስማቸው ቱሉ ነው፤ ኮረብታ ማለት ነው። መንግሥቱን የመሠረቱት ቀዳማዊው አባ ጅፋር ደግሞ ሰና ይባሉ ነበር። በአጠገባችን ባለችው በሊሙ እናሪያ የነገሡት ስመ ጥሩው አባ ቦጊቦ የተፈጥሮ ስማቸው ኢብሳ ነበር፤ ብርሃን ማለት ነው።

አባ ጅፋርና አባ ቦጊቦ የፈረስ ስሞች ናቸው። በፈረስ ስም አጠራር አባ ማለት ባለቤት ነው፤ ሰውዬው በጦር ሜዳ በሚቀመጥበት ፈረስ ይጠራል። ልማዱ ከኦሮሞ መሳፍንት አልፎ በመላው አገሪቱ ክብር ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳይቀሩ አባ ጠቅል ነበሩ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ስሞች በኃይልና በጀግንነት የሚገኙ ናቸው። ፈረስ የሌለው ሰው የፈረስ ስም የለውም። ድሀው፣ ሴቲቱ፣ ባሪያው እንዲህ ያለ ስም አያገኙም። በዚያው ዘመን፣ በዚሁ ምድር፣ ስም የሚነጠቁ ሰዎችም ነበሩ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት አለብን።

ስማቸው የተነጠቀ ልጆች

በ19ኛው መቶ ዘመን የጊቤ አካባቢ፣ ማለትም ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ የባሪያ ንግድ የሚያልፍበት መንገድ ነበር። ዛሬ ጅማ ከተማ ያለችበት የሂርማታ ገበያ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥበት ነበር። የተሸጠ ልጅ መጀመሪያ ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ ስሙ ነው።

ከጉማ የተወሰደች ብሌሌ የምትባል ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1837 ፑክለር ሙስካው የተባለ የጀርመን መስፍን በግብፅ ጉዞው ከባሪያ ገበያ ገዛትና ማሕቡባ ተባለች፤ በዐረብኛ የተወደደች ማለት ነው። በገንዘብ የተገዛች ልጅ የተወደደች ተባለች! ወደ ጀርመን ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ1840 በሙስካው በሽታ ላይ ወድቃ ገና በወጣትነቷ ሞተች። መልካም ስም ብቻውን ሰውን ነጻ እንደማያወጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያው ከጉማ ሌላም ልጅ ተሸጠች። ወላጆቿ ገነሜ ይሏት ነበር፤ ገነማ በኦሮምኛ ማለዳ ነው። ነጋዴዎቹ ፋጥሜ አሏት። በስተኋላ ጀርመን አገር ደረሰች፤ በዚያ በጌታ አምና ጳውሊና ተብላ ተጠመቀች። እ.ኤ.አ. በ1855 በባዝል አጠገብ በሪየን ስትሞት ገና ወጣት ነበረች፤ ነገር ግን ሕይወቷ በአቅራቢያው ባለው በክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት ለኦሮሞ ሕዝብ ሸክም እንዲቀሰቀስ ምክንያት ሆነ። የክሪሾናን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ልጅ ከኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ተወለደ፤ ወላጆቹ ሂካ አሉት። ሂካ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በመንገዱ ነሲብ የሚል ስም ተለጠፈበት። ነሲብ ዕጣ፣ ዕድል ፈንታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና በእምኩሉ ባለው በስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ እሑድ፣ ተጠመቀ። የተሰጠውም ስም ኦነሲሞስ ነበር።

ይህ ስም በመጽሐፍ ቅዱሳችን አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው ነው። የፊልሞና ባሪያ የነበረው፣ ጳውሎስ በእስራት ቤት ለጌታ የወለደው ሰው ነው። የስሙ ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። ጳውሎስም በፊልሞና ቁጥር 11 ላይ በዚህ ትርጉም ይጫወታል፤ ቀድሞ የማይጠቅምህ የነበረው አሁን ለአንተም ለእኔም ይጠቅማል ይለዋል። በቁጥር 16 ደግሞ ባሪያው ከባሪያ በላይ፣ የተወደደ ወንድም ሆኖ ይቆጠር ይላል። የተወደደ የሚለው ቃል እዚህ ማሕቡባ ላይ እንደተለጠፈው ቃል አይደለም፤ እኩልነትና ወንድማማችነት ተከትሎታል።

ኦነሲሞስ ነሲብ በስዊድን ከተማረ በኋላ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ደጋግሞ ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋበት። በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። ችግር ግን ነበረበት። ከወገኑ የተለየው ልጅ ሳለ ስለነበር የቋንቋው ሀብት በሙሉ በእጁ አልነበረም። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ከእኛ አካባቢ ሰው አዘጋጅቶ ነበር፤ አስቴር ጋኖ። ነጻ ሆና የተወለደችውን ይህችን ልጅ የሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት፤ ቀጥሎም ተሸጠች። እ.ኤ.አ. በ1886 ቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ ምድር የሚወስዳትን ጀልባ ጣሊያኖች ይዘው ነጻ አወጧትና እምኩሉ ገባች። አስቴር የተረትና የዘፈን፣ የምሳሌና የእንቆቅልሽ ማኅደር ነበረች። ከቃል 500 ያህል ጽፋ አኖረች፤ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የቃላት መዝገብም አዘጋጀች፤ ትርጉሙ የተቃናው በእርሷ ምክንያት ነው።

አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ወጣ። የታተመውስ የት ይመስላችኋል? በክሪሾና፣ ስዊዘርላንድ። የጉማዋ ገነሜ ሞት ሸክም ባሳደረበት ሥፍራ ማለት ነው። እርሷ በማለዳ አለፈች፤ ቃሉ ግን በቋንቋዋ ከዚያው ወጣ።

አሁን ሦስቱን ስሞች በአንድነት እንያቸው። እናቱ ተርጓሚ አለችው። ፈንጋዮች ዕጣ አሉት። ቤተ ክርስቲያን ጠቃሚ አለችው። የሚደንቀው፣ ኦነሲሞስ ባሪያ ነጋዴዎች የሰጡትን ስም አልጣለውም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ኦነሲሞስ ነሲብ ተብሎ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሰ፤ በቦጂና በነቀምቴ በቋንቋው ሰበከ፣ አስተማረ፤ ብዙ ተቃውሞም ደረሰበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ አረፈ። የባርነቱ ስም በአገልግሎቱ ላይ ምንም ሥልጣን አልነበረውም። ከኋላው በቦጂ እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለደው ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ታፍኖ ተገደለ። ጉዲና ማለት ዕድገት ነው። ገዳዮቹ ሰውየውን ቀበሩት፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አደገች።

ጳውሎስ ስሙን ቀይሯልን?

ብዙ ጊዜ በስብከት የምንሰማው፣ ሳውል በደማስቆ መንገድ ሲድን ጳውሎስ ሆነ የሚል ነው። ሐዋርያት ሥራን በጥንቃቄ ስናነብ ግን እንዲህ አይልም። ጌታ በመንገድ ላይ ሳውል፣ ሳውል ብሎ ጠራው። ከዳነ ከዓመታት በኋላም በምዕራፍ 13፥2 መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ይላል። በቁጥር 9 ላይ ሉቃስ፣ ሳውል ጳውሎስም ይባል እንደነበር ይነግረናል። ሰውዬው ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ በዕብራውያን ቤት፣ ሌላው በሮማውያን ዓለም። ወደ አሕዛብ ሲሄድ እነርሱ በሚያውቁት ስም ተጠራ።

ሮሜ 16ንም እንመልከት። በዚያ የሰላምታ ዝርዝር ውስጥ ሄርሜን አለ፤ የግሪኮች ጣዖት ስም ነው። ኔርያም እንደዚሁ የባሕር ጣዖት ስም ነው። በፊልጵስዩስ 2፥25 አፍሮዲጡ አለ፤ ስሙ አፍሮዲጤ ከተባለችው ጣዖት የወጣ ነው። አጵሎስ ከአፖሎ ነው። ጳውሎስ ግን ለማናቸውም ስማችሁን ቀይሩ አላላቸውም፤ በጌታ ወንድሞቼ አላቸው እንጂ። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ስሙ ሦስተኛው ማለት ነው። እንዲህ በቁጥር መጠራት በሮማውያን ዘመን በባሮች ዘንድ የተለመደ ነበር። መልእክቱን ይዛ እንደ ሄደች የሚታመነው ፌቤን ደግሞ የስሟ መነሻ በግሪክ አማልክት ተረት ውስጥ ነው፤ ብሩህ ማለት ነው። ዛሬ በየቤታችን ፌቨን የምንላቸው ልጆች በእርሷ የተጠሩ ናቸው። የጣዖት ስም የነበረው በአንዲት ታማኝ አገልጋይ ሕይወት ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ። ስሙ ሰውን አላረከሰም፤ ሰውዋ ስሙን ቀደሰችው።

ስለዚህ ከሙስሊም ቤት ለመጡ ወገኖቻችን የምለው ይህ ነው። አብደላ የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ነው፤ ነቢዩ አብድዩም በዕብራይስጥ ተመሳሳይ ትርጉም አለው፤ የግዕዙ ገብረ እግዚአብሔርም ያው ነው። ራሕመት ምሕረት ናት። ኢብራሂም አብርሃም ነው፤ መርየም ማርያም ናት። አዲስ ስም ለመያዝ የወደደ መብቱ ነው፤ ኦነሲሞስም ይዟል። ነገር ግን ማንም ግዴታ አያድርግባችሁ። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ከተጠመቅን በኋላም ይሠራል። አባትሽ በምርቃት ያወጣልሽን ስም ይዘሽ በየበዓሉ ደጁ ስትደርሺ፣ ልጁ እንዳልጠፋችበት ያያል፤ በዚያው ስም ውስጥ ክርስቶስን ያያል።

ለዛሬ ወላጆች

ስም ዘመንንም ይከተላል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ አብዮት የሚባሉ ልጆች በዙ። በእኛው ዞን በአጋሮ አቅራቢያ በበሻሻ በ1968 ዓ.ም. የተወለዱት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የልጅነት ስማቸው አብዮት እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። ዘመን ያልፋል፤ ስሙ ይቀራል።

በወንጌላውያን አማኞች ቤት ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች በዝተዋል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ገጹን ገልጠን እናንብብ። ሎዛ ያዕቆብ ሕልም ያየባት የቤቴል የቀድሞ ስም ናት (ዘፍ. 28፥19)። ናታኒም የአንድ ሰው ስም አይደለም፤ በዕዝራ 2፥43 ቤተ መቅደሱን በዝቅተኛ ሥራ የሚያገለግሉ ሰዎች የወል መጠሪያ ነው፤ የተሰጡ ማለት ነው። ልጃችሁን ናታኒም ካላችሁ ለታላቅ ማዕረግ ሳይሆን ለአገልግሎት ሰጥታችሁታል፤ ታዲያ ስታሳድጉትም መጥረጊያ መያዝን አስተምሩት!

ከሁሉ የምወደው ግን ሩሃማ ነው። እግዚአብሔር በሆሴዕ 1 ነቢዩን ሴት ልጁን ሎሩሃማ፣ ምሕረት የሌላት እንዲላት አዘዘው፤ የሕዝቡን ኃጢአት ለማሳየት ነው። በምዕራፍ 2፥1 ግን ሩሃማ፣ ምሕረትን ያገኘች ተባለች። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ ሎ ማለት አይደለም፣ የለም ማለት ነው። ጴጥሮስ በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥10 ይህን ታሪክ ለእኛ ያደርገዋል። ያቺን ሎ ያነሣልን ስም ቀያሪ አይደለም፤ መስቀሉ ነው። በየቤታችን ሩሃማ ብለን በጠራን ቁጥር ሳናውቀው ወንጌል እንሰብካለን።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ዛሬ ለወንድ ልጃችሁ የምታወጡት ስም ነገ የልጅ ልጆቻችሁ ሁለተኛ ስም ነው፤ በውጭ አገር ቢኖሩ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ መጠሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስም ስታወጡ ጸልዩ፤ ትርጉሙን እወቁ፤ አያቶችን አማክሩ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በዳውሮኛ፣ በወላይትኛ ያለው ስም ከዕብራይስጡ ያነሰ መንፈሳዊ አይደለም። ልጁም ሲጠይቃችሁ፣ «ይህን ስም ያልንህ እግዚአብሔር እንዲህ ስላደረገልን ነው» ብላችሁ የምትነግሩት ታሪክ ይኑራችሁ።

ሞጋሳ

በኦሮሞ ባህል ሞጋሳ የሚባል ሥርዓት አለ። ሞጋሳ ስም መስጠት ማለት ነው። በጥንት ዘመን ከሌላ ሕዝብ የመጣ ሰው በሞጋሳ ወደ ጎሳው ሲገባ የጎሳውን ስም ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ወገን ነው፣ ይጠበቃል። ለልጅ የሚደረገው ደግሞ ጉዲፈቻ ነው፤ ቃሉ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ገብቶ ዛሬ በሕጋችንም በዚሁ ስም ይጠራል። ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ የተወለደ ልጅ ነው፤ ማንም አንተ የእኛ አይደለህም አይለውም።

ጳውሎስ በሮሜ 8፥15 ልጅ መሆንን ስለሚሰጥ መንፈስ ሲጽፍ የጅማ ሰው በሚገባ ይረዳዋል። በክርስቶስ የሆነው ይህ ነው። የፈረስ ስም እንድናገኝ ጀግንነት አልተጠየቅንም፤ ጀግናው እርሱ ነው። እንደ ባሪያም ስማችን አልተነጠቀም። አባት ወደ ቤቱ አስገባን፣ በስሙ ጠራን፤ በኢሳይያስ 43፥1 የተነገረው፣ በስምህ ጠርቼሃለሁ፣ የእኔ ነህ የሚለው ቃል ማሕተማችን ሆነ። ራእይ 2፥17 ደግሞ ድል ለሚነሣ ነጭ ድንጋይ፣ በድንጋዩም ላይ ከሚቀበለው በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም እንደሚሰጠው ይነግረናል። ያ ስም ገና ይመጣል፤ እስከዚያው አባቶቻችን ባወጡልን ስም በታማኝነት እንኑር።

ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ኑርልኝ የምትባሉ፣ ስማችሁን ቀና ብላችሁ ተናገሩ፤ በስማችሁ ውስጥ የእናታችሁ ጸሎት አለ። ከድር፣ ፋጡማ የምትባሉ፣ ጌታ በዚያው ስማችሁ ጠርቷችኋል፤ በሕይወት መጽሐፍም የጻፋችሁ አይቸገርም። ገና ጌታን ያልተቀበላችሁ አንባቢዎች፣ እርሱ ሲጠራችሁ ቀድሞ ስማችሁን እንድታስተካክሉ አይጠብቅም። ኑ ብሏል፤ እንዳላችሁ ኑ።

አባት ሆይ፣ በስማችን ምክንያት የፈራን፣ ያፈርን፣ የተጨነቅን ካለን ፍርሃታችንን አንሣልን። ለልጆቻችን ስም ስናወጣ ጥበብን ስጠን። ከስም ሁሉ በላይ በሆነው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።